«መቼ ነው ያወቅሽው?»፦ በሌለሁበት ተፈርዶብኝ ንብረቴ ሲከበር

«መከበር» የሚለውን ቃል እስከ ግንቦት 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ በደግ ትርጉሙ ብቻ ነበር የማውቀው። የዚያን ዕለት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀሞ ወዳለችው የልብስ ስፌት ቤቴ አንድ የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ፣ አንድ ፖሊስና አንድ የማላውቀው ወጣት ገቡ። ሠራተኛው ወረቀት አውጥቶ «ንብረትዎ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ተከብሯል» አለኝ። ለካ በፍርድ ቤት ቋንቋ ንብረት «ተከበረ» ማለት ለፍርድ ዕዳ መክፈያ ተያዘ ማለት ነው። ስድብ እንኳ እንዲህ አያሳፍርም። ደንበኞቼ እያዩ አራት የስፌት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን)፣ የጨርቅ ጥቅልና ፍሪጅ ተቆጥረው ተመዘገቡ። ዝርዝሩ ላይ አስፈርመው ዕቃውን ለራሴው በአደራ ሰጡኝና ሄዱ።

«የትኛው ፍርድ?» ብዬ የጠየቅሁት ከወጡ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ባልንጀራዬ ከአንድ ነጋዴ 200,000 ብር ስትበደር ዋስ ሆኜ ፈርሜ ነበር። እርሷ ዕዳውን በባንክ በኩል እየቆራረጠች ትከፍል ስለነበር ጉዳዩ ከአእምሮዬ ወጥቶ ነበር። ለካ ነጋዴው ሁለታችንንም ከሶ፣ ሁለታችንም አልቀረብንም ተብሎ፣ ጉዳዩ በሌለንበት ታይቶ፣ ሙሉውን ብር ከ9 በመቶ ሕጋዊ ወለድና ከወጪና ኪሳራ ጋር እንድንከፍል ተፈርዶብናል። የተከፈለው ብር የትም አልተጠቀሰም። ይህን የምጽፈው በዚያ ሰሞን የሠራኋቸው ስህተቶች በሌላ ሰው እንዳይደገሙ ነው፤ ስህተቶቼ ደግሞ ጥቂት አልነበሩም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ስልክ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደወልኩ። ባልንጀራዬ ጋር ደወልኩና አለቀስን። ነጋዴው ጋር ደወልኩና ተጨቃጨቅን። የጋራ ዘመዶች ጋር ደወልኩ፤ ሽማግሌ ይላክ ተባለ፤ ሽማግሌዎቹም ለእሑድ ተቀጣጠሩ። ነጋዴው ስልኩን እያነሳ «እንነጋገራለን፣ ምን ችግር አለው» ይለኝ ነበር። እርሱ ምን ችግር ይኖርበታል? የሚሮጠው ቀን የእኔ ነው። እርቅ ጥሩ ነገር ነው፤ በኋላ የጨረስነውም በእርቅ ነው። ሆኖም ፍርድ የያዘ ሰው ጋር ባዶ እጅን ይዞ መታረቅ ልመና ነው። ማመልከቻ ካስገባን በኋላ ግን ያው ሰውዬ ራሱ ሽማግሌ ላከ።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነበር። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው ታሪኬን ነገርኩት፤ እርሱም ለአፈጻጸም ችሎቱ «ዕዳው ተከፍሏል፣ ንብረቴ ይለቀቅልኝ» የሚል አራት ገጽ ጻፈልኝ። ግንቦት 26 ቀን ዳኛው አንብበው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ችሎት ፍርድ ያስፈጽማል እንጂ ፍርድ አይመረምርም» አሉኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያኔ ትክክል እንደነበሩ አልገባኝም፤ አልሰማ ያሉኝ መስሎኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የአፈጻጸም ችሎት የሚሰማው ሌላ ዓይነት አቤቱታ ነው። ለምሳሌ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 404 እንዳይከበሩ ከሚጠብቃቸው ነገሮች መካከል ልብስ፣ መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃና ባለዕዳው የሚተዳደርበት የሥራ መሣሪያ ይገኙበታል። ስፌት መኪና ለሰፊ ሴት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ጠበቃ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን በዚያ ቀን ስለ ዕዳው ስከራከር ስለ መኪናዎቹ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ያን ቀን ማታ ሰፈራችን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያሳለፉ ጡረተኛ ቤት ሄድኩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ስለ ብሩ፣ ስለ ደረሰኙ፣ ስለ ነጋዴው ክፋት ልዘረዝር ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ዕዳው ይቆየን። መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ምኑን?»

«ፍርዱን።»

ግንቦት 12 አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። አሥራ አራት ቀን ሄዷል። ከዚያም በ1958 ዓ.ም. የወጣውንና ዛሬም የሚሠራበትን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከመደርደሪያቸው አውርደው ቁጥር 78ን አነበቡልኝ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱ መኖሩን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ፣ ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት፣ ፍርዱ ይነሣልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። መጥሪያው በሚገባ እንዳልደረሰው፣ ወይም በቂ በሆነ ምክንያት በቀጠሮው ቀን መቅረብ እንዳልቻለ ካስረዳ ፍርዱ ይነሣና ክርክሩ እንደ አዲስ ይቀጥላል።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ቁጥር ውስጥ የሌለውን ነገር ልብ በል። ብሩ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ጥያቄ የለበትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጮህ የከረምኩት ግን ስለ ብሩ ብቻ ነበር። ማንም ያልጠየቀኝን ስመልስ የሚጠየቀውን ረስቼዋለሁ። የሚጠየቀው ለምን አልመጣሽም፣ መቼ አወቅሽ ነው። የዕዳው ክርክር ተራው የሚደርሰው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ጋሼ ያስተዋወቁኝ ጠበቃ ከሁሉ በፊት ያዘዘኝ የመዝገቡን ግልባጭ እንዳወጣ ነው። አራት ቀን ፈጀ። በመዝገቡ ውስጥ ከፍርዱ ይበልጥ የጠቀመኝ አንዲት ገጽ ወረቀት ሆነች፤ መጥሪያውን አደረስኩ ያለው ሰው የሰጠው ቃለ መሐላ። «ተከሳሿን ኮተቤ በሚገኘው መኖሪያ ቤቷ አግኝቼ መጥሪያውን ብሰጣት አልቀበልም ስላለች በሯ ላይ ለጥፌ ተመልሻለሁ» ይላል። ሕጉ ተከሳሽ አልቀበልም ሲል በር ላይ መለጠፍን ስለሚያውቅ፣ ፍርድ ቤቱ ይህን ቃል አምኖ መልስ የመስጠት መብቴን ማለፉ አያስገርምም። ዳኛ የሚያየው የቀረበለትን ወረቀት ነው። በተግባር ደግሞ መጥሪያውን ይዞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ራሱ ከሳሽ ወይም የከሳሽ ሰው ነው፤ ይህ ነገር ለምን እስከ ዛሬ እንዲህ እንደቀጠለ አይገባኝም።

እኔ ግን ቃለ መሐላው በተሰጠበት ጊዜ ኮተቤን ከለቀቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ይህን ማስረዳት ቀላል ይመስላል፤ አልነበረም። የወረዳ መታወቂያዬን ያሳደስኩት ዘግይቼ ስለነበር፣ የአዲሱ ሰፈር መታወቂያ የተሰጠበት ቀን መጥሪያው ተለጠፈ ከተባለበት ቀን በኋላ ነው። የቤት ኪራይ ውላችንም በቃል ነበር። ጠበቃው ጭንቅላቱን ያዘ። ያዳነኝ ያልጠበቅሁት ነገር ነው፤ የእድር ደብተር። የጀሞው እድራችን ጸሐፊ ወርኃዊ መዋጮ የሚመዘግቡበት ትልቅ መዝገብ አላቸው፤ እዚያ ላይ ስሜ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወር ሳይዘል ተጽፏል። በተጨማሪም የኮተቤው ቤት ባለቤት ቤቱን መቼ እንደለቀቅሁና ከእኔ በኋላ ማን እንደገባበት ለመመስከር ፈቀዱ። ከሁሉ የበለጠው ግን እናቴ ያረፈች ጊዜ የሆነው ነገር ነው። ነጋዴው ጀሞ ድረስ መጥቶ፣ ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጦ፣ ንፍሮ በልቶ ነበር የሄደው። አዲሱን ቤቴን ያውቀዋል። ክሱ ላይ ግን የጻፈው የድሮውን አድራሻ ነው።

ማመልከቻው ሰኔ 6 ቀን፣ በሃያ አራተኛው ቀን ገባ። የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፍኩት ራሴ ነበርኩ። ጠበቃው ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ከስድስት ገጽ ወደ ሁለት አወረደው። ስለ ዕዳው የጻፍኩትን ሦስት ገጽ በሙሉ ሰርዞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተካው፤ ክርክሩ ቢከፈት የሚቀርብ የክፍያ ማስረጃ አለኝ የሚል። የቀረው ሁሉ ስለ አድራሻ፣ ስለ ቀንና ስለ ማወቅ ነው። ከሥሩ ቃለ መሐላ ተያያዘበት። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለኝ፤ ቃለ መሐላ ላይ የማይሆን ቀን አትጻፉ። አንድ ወር ካለፋችሁ ቀኑን ወደፊት ለመግፋት ትፈተኑ ይሆናል። ሐሰተኛ ቃለ መሐላ ወንጀል ነው፤ ቢታወቅ ደግሞ እውነተኛውንም ምክንያታችሁን ይዞ ይወድቃል።

ሌላው ሰው የሚዘነጋው ነገር ይህ ነው፤ ፍርዱ ይነሣልኝ ብሎ ማመልከት ብቻውን አፈጻጸሙን አያቆምም። አንዱ መዝገብ ሲከራከር ሌላው መዝገብ ዕቃህን ሊሸጥ ይችላል። የእኔ ዕቃ ሐራጅ ለሰኔ 24 ተቆርጦ፣ ማስታወቂያው ተለጥፎ ነበር። ስለዚህ ጠበቃው በዚያው ማመልከቻ ላይ ውሳኔ እስኪሰጥ አፈጻጸሙ ይታገድልኝ የሚል ጥያቄ ጨመረበት። እግዱ ሰኔ 15 ቀን ተሰጠ። እግድ ተሰጠ ማለት ደግሞ ለሚያስፈጽመው ደረሰ ማለት አይደለም። ትዕዛዙን በእጄ ተቀብዬ፣ በእጄ አድርሼ፣ በሁለተኛው ግልባጭ ላይ የደረሰበትን ቀን አስፈርሜ ተመለስኩ። ማንም ያደርስልኛል ብዬ ብቀመጥ ኖሮ መኪናዎቼ አሁን ሌላ ሰው ቤት ይሰፉ ነበር። ሐራጁ ወጥቶ ንብረቱ ገዢ እጅ ከገባ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ የሚመለስበትም መንገድ ረጅም ነው።

ፍርድ ቤቱ ሌላውን ወገን ሳያስጠራ ፍርዱን አያነሣም። ነጋዴው ሰኔ 29 ቀን ከጠበቃው ጋር ቀረበ። ስለ አድራሻው ብዙ ሊከራከሩ አልደፈሩም። የመጡት በሌላ በር ነው፤ «አመልካቿ ጉዳዩን ካወቀች ከሦስት ወር በላይ ሆኗታል፣ ጊዜው አልፎባታል» አሉ። እንዴት ቢባል፣ በለቅሶው ቀን ነጋዴው ራሱ ነግሯታል። ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረው ነግሮሽ ነበር ወይ አሉኝ።

ነግሮኝ ነበር። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ «ያንን ጉዳይ ለሕግ ሰጥቼዋለሁ» ብሎኝ ነበር። እናቴን በቀበርኩ በሦስተኛው ቀን። እኔም «እሺ» ብዬ አልፌው ነበር። ልክደው ለአፍታ አሰብኩ፤ ምስክር አልነበረውም። ግን ቃለ መሐላ ላይ ፈርሜያለሁ። አዎን፣ ለሕግ ሰጥቻለሁ ብሎኝ ነበር፤ ተፈርዶብሻል ግን አላለኝም አልኩ። ጠበቃዬ ተነሥቶ ሕጉ የሚቆጥረው ስለ ክስ ከመስማት ሳይሆን ፍርዱን ከማወቅ እንደሆነ፣ በለቅሶው ቀን ደግሞ ፍርዱ ገና እንዳልተሰጠ ከመዝገቡ ላይ አሳየ። እውነትም ፍርዱ የተሰጠው ከለቅሶው በኋላ ነው። ያን ቀን ብዋሽ ኖሮ ያዳነኝ ነገር ራሱ ይጠፋኝ ነበር።

ሐምሌ 20 ቀን ትዕዛዙ ተነበበ። መጥሪያው በሚገባ ስላልደረሰ በሌለሁበት የተሰጠው ፍርድ ተነሥቷል፣ መልሴን ይዤ እንድቀርብ ተፈቅዷል ተባለ። ለነጋዴው መጉላላት 3,000 ብር ኪሳራ እንድከፍልም ታዘዝኩ። ተናድጄ ነበር፤ ያልደረሰኝ መጥሪያ ጥፋቱ የማን ሆኖ ነው? ጠበቃው ሳቀና ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሲያነሣ ኪሳራን በተመለከተ እንዲህ ያለ ግዴታ ሊጥል እንደሚችል፣ አንዳንዱ ጋ ገንዘብ አስቀድሞ እንዲያዝ እንኳ እንደሚታዘዝ ነገረኝ። በዚያው ሳምንት ከፈልኩ።

በመካከሉ ስለ ኦቨርሎኩ ልንገራችሁ። ማሽኑ የእኔ አልነበረም፤ ታናሽ እህቴ ገዝታ እኔ ጋ ያስቀመጠችው ነው። የሌላ ሰው ንብረት በእኔ ዕዳ ሲከበር የሚያመለክተው እኔ ሳልሆን ባለቤቱ ነው። እርሷ በቁጥር 418 መሠረት የግዢ ደረሰኟን አያይዛ ለአፈጻጸም ችሎቱ አመለከተች፤ ተለቀቀላት። ደረሰኝ ባይኖራት ኖሮ እኔ የእርሷ ነው ብዬ ብምልላት ብዙም ዋጋ አይኖረውም ነበር። የዘመድ ዕቃ ቤታችሁ ካለ ደረሰኙን ባለቤቱ ጋ አስቀምጡ።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። ያክስቴ ልጅ ቤይሩት እያለች እዚህ ያለ ቦታዋ ላይ ክስ ተመሥርቶ መጥሪያው በጋዜጣ ወጣ። በጋዜጣ ጥሪ ማድረግ ፍርድ ቤት ሲፈቅድ የሚሠራበት ሕጋዊ መንገድ ነው፤ ግን ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ገልጣ አታነብም። የእርሷን ጉዳይ የተወሳሰበ ያደረገው ጋዜጣው ብቻ ሳይሆን ውክልናው ነው። እዚህ የሚያመለክትላት ሰው ትክክለኛ ውክልና ያስፈልገው ነበር፤ ውክልናው በኤምባሲ ተረጋግጦ እዚህ እስኪደርስና በሚመለከተው ቢሮ እስኪመዘገብ ድረስ ቀኖች ነጎዱ። እዚህ ንብረት ያላችሁ፣ ክስ ሳይመጣ የምታምኑትን ሰው ወክሉ፤ በውክልናው ላይም ፍርድ ቤት ቀርቦ የመከራከር ሥልጣን በግልጽ ይጻፍ።

የእኔ ክርክር በክረምቱ እረፍት ምክንያት ወደ ጥቅምት ተሻገረ። በክረምት መደበኛ ችሎቶች እረፍት ሲወጡ አስቸኳይ ጉዳይ የሚያይ ተረኛ ችሎት ስለሚኖር፣ ክረምት ገባ ብላችሁ እጃችሁን አትሰብስቡ። በጥቅምት መልሴን ከባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኞቹ ጋር አቀረብኩ። ባልንጀራዬ 130,000 ብር መክፈሏ ወረቀት ላይ ሲዘረጋ የነጋዴው ጠበቃ ቀጠሮ ጠየቀ። ሽማግሌ የተላከውም በዚያው ሰሞን ነው። ለቀሪው 70,000 ብር ተስማማን፤ ባልንጀራዬ 40,000 ከፈለች፣ እኔ 30,000 በየወሩ እየቆረጥኩ ጨረስኩ። ስምምነቱ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ በመዝገብ ጸደቀ። ይህን ደረጃ አትዝለሉ፤ ቡና ቤት ተጨባብጦ የተጨረሰ እርቅ መዝገብ አይዘጋም።

ከዚያ በኋላም መኪናዎቼ ለሁለት ወር ያህል «የተከበሩ» ሆነው ቆዩ። ጉዳዩ ሲያልቅ ክብሩ በራሱ የሚነሣ መስሎኝ ነበር። አንዷን አሮጌ መኪና ልሸጥ ስል ጋሼ ሰምተው እየሮጡ መጡ፤ በአደራ የተረከብሽው ዕቃ ነው፣ ንብረቱ እንዲለቀቅ ትዕዛዝ እስኪጻፍ ድረስ ብትሸጪ በወንጀል ትጠየቂያለሽ አሉኝ። አመልክቼ ትዕዛዙን አስጻፍኩ፤ ግልባጩን ያኔ ከፈረምኩበት የዕቃ ዝርዝር ጋር አንድ ላይ አስሬ አስቀመጥኩት። ኮተቤም ሄጄ ለድሮው ቤት ባለቤትና አሁን ለሚኖሩበት ተከራዮች የስልክ ቁጥሬን ሰጠሁ፤ በስሜ ማንኛውም ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ካዩ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልኝ።